ያለ እናት የሚያድጉ ጫጩቶች ጤንነትና የአንጀት እርሾ

ዕንቍላልን በመፈልፈያ መኪና አስፈልፍሎ ጫጩትን ያለ እናት ማሳደግ በዛሬው ዘመን በዓለም ሁሉ የተለመደ ሥራ ሆኗል። ብልሃቱ ራሱ አዲስ አይደለም፤ ግብጻውያን ከጥንት ጀምሮ በጡብ ምድጃ ዕንቍላል እያሞቁ ሲያስፈለፍሉ ኖረዋል። አዲስ የሆነው የሥራው ስፋትና የመፈልፈያው ንጽሕና ነው። በአገራችንም የአንድ ቀን ዕድሜ ያላቸው ጫጩቶች በሣጥን ተጭነው ወደ ሩቅ ወረዳ ይላካሉ፤ ገበሬውም ሆነ ሰፊ የዶሮ ርቢ ያለው ባለ ሀብት ገንዘቡን ከፍሎ ይረከባቸዋል።

ነገር ግን በብዙ ስፍራ እንደሚታየው፥ ጫጩቶቹ በደረሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብዙዎቹ ያልቃሉ። በዚህን ጊዜ ገበሬው ሻጩን፥ ሻጩም ገበሬውን ይወቅሳል፤ ጕዳዩም ከወረዳው ሹም ፊት ይደርሳል። ሹሙ የሞታቸው ምክንያት ምን እንደ ሆነ ካላወቀ ሁለቱን ለማስታረቅ ይቸገራል። ከዚህም ይልቅ የሚጐዳው፥ አንድ ጊዜ የከሰረ ገበሬ በሚመጣው ዓመት ጫጩት ቢያመጡለት አልቀበልም ማለቱ ነው። ስለዚህ የአገር አስተዳዳሪዎችና የርቢ ባለቤቶች የጫጩትን የመጀመሪያ ቀኖች ጠባይ ጠንቅቀው ማወቅ ይገባቸዋል። ከሞት ምክንያቶች ሁሉ ብዙ ሰው የማያስበውም በጫጩቱ አንጀት ውስጥ ያለው ጕድለት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ማንኛዪቱም የቤት እመቤት እንደምታውቀው፥ የጤፍ ሊጥ ሲቦካ ከቀድሞው ቡኮ የተቀመጠ እርሾ ይጨመርበታል። እርሾው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ነገሮች የተሰበሰቡበት ነው። እነዚህ ሊጡን ቀድመው ከያዙት፥ ሌላው የሚያበላሽ ዓይነት ቦታም ምግብም አጥቶ ይቀራል። እርሾ የሌለው ሊጥ ግን ለመጣው ሁሉ ክፍት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ይሠምራል፥ አንዳንድ ጊዜ ይበላሻል። የጫጩት አንጀትም እንደዚሁ ነው። ጫጩት ከቅርፊቱ ሲወጣ አንጀቱ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል፤ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ግን በአንጀቱ ውስጥ ባለው በአንዱ ግራም ምግብ ከመቶ ሚሊዮን የሚበልጡ ተሐዋስያን ይቈጠራሉ። ስለዚህ የጫጩቱን አንጀት ቀድሞ የሚይዘው ማነው የሚለው ጥያቄ በዚያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይወሰናል።

በዱርና በገጠር ቤት ለዚህ ጥያቄ መልስ የምትሰጠው እናት ናት። ዶሮ ዕንቍላሏን ሦስት ሳምንት ስትታቀፍ የዕንቍላሉ ቅርፊት ከላባዋና ከኩሷ ይነካካል፤ ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ ሲወጣም በመጀመሪያ የሚቀምሰው እናቱ የጫረችውን አፈርና የነካችውን ጥሬ ነው። በዚህ ዓይነት የእናቲቱ የአንጀት እርሾ ለልጆቿ ይተላለፋል። በመኪና ቤት ግን ዕንቍላሉ በመድኃኒት ታጥኖ ወይም ታጥቦ ይገባል፥ ትሪው ይታጠባል፥ አየሩም ይጣራል። ንጽሕናው አስፈላጊ ነው፤ ከክፉው ጋራ ግን ደጉም ይቀራል። እንዲህ ያለው ጫጩት የበሰለና የተሟላ የአንጀት እርሾ ለማግኘት ብዙ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ያም ዘመን ለሕመም የተጋለጠበት ዘመን ነው።

ጫጩት በመጀመሪያ ቀኖቹ እንዴት ደካማ እንደ ሆነ በምርመራ የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። በአሜሪካ ሚልነርና ሻፈር የተባሉ መርማሪዎች በ1952 ባወጡት ጽሑፍ፥ አንድ ቀን ብቻ የሆነው ጫጩት እጅግ ጥቂት የሆኑ የሳልሞኔላ ተሐዋስያን ቢውጥ እንደሚያዝና፥ ዕድሜው ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ይህን ሕመም የሚቋቋምበት ኃይል እየበረታ እንደሚሄድ አመለከቱ። ሳልሞኔላ የሚባለው ተሐዋስ ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ ዶሮን ራሷን ይገድላል፤ አንዳንዱ ዶሮዋን እምብዛም ሳይጐዳ በሥጋዋና በዕንቍላሏ አማካይነት ሰውን በብርቱ ተቅማጥና ትኵሳት ያሳምማል። ዶሮና ሰው በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት ቤት፥ ሕፃናትም ጫጩት በእጃቸው ይዘው በሚጫወቱበት አገር፥ ይህ ሁለተኛው ዓይነት በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ትልቁ ትምህርት የተገኘው ከፊንላንድ አገር ነው። በ1971 በዚያ አገር ለሥጋ በሚረቡ ዶሮዎች መካከል ሳልሞኔላ ኢንፋንቲስ የሚባለው ዓይነት በሰፊው ተዛመተ፤ ምንጩም የተበከለ የመኖ ጥሬ ዕቃ ነበር። ኤስኮ ኑርሚ የሚባለው ሊቅ ከባልደረባው ከራንታላ ጋራ ነገሩን ሲመረምር፥ ዋናው ድካም ጫጩቶቹ ያለ እናት በንጹሕ ቤት መፈልፈላቸው ሳይሆን አይቀርም ብሎ አሰበ። ስለዚህ ከጤነኛ ትልልቅ ዶሮዎች በአንገት ሥር ካለው የእህል ከረጢትና ከአንጀት ውስጥ የሚገኘውን ነገር ወስደው፥ በፈሳሽ በጥብጠው፥ ለአንድና ለሁለት ቀን ጫጩቶች በአፋቸው ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ ሳልሞኔላ ቢሰጧቸው አብዛኞቹ ሳይያዙ ቀሩ፤ እርሾውን ያላገኙት ጓደኞቻቸው ግን ተያዙ። ይህን ውጤት በ1973 ኔቸር በሚባለው የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት አሳተሙት፤ ብልሃቱም እስከ ዛሬ በኑርሚ ስም ይጠራል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን በሥራ ላይ ለመዋል ዓመታት ፈጅቷል። ከዶሮ አንጀት የተወሰደ ነገር ደጉን ብቻ ሳይሆን ክፉውንም ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፥ መርማሪዎቹ ከማናቸውም በሽታ ነጻ መሆናቸው ከተረጋገጠ ዶሮዎች እርሾውን ወስደው በቤተ ሙከራ እያባዙ ማዘጋጀት ነበረባቸው። በፊንላንድ እንዲህ ሆኖ የተዘጋጀው ብሮይላክት የተባለው እርሾ በ1987 ለሽያጭ ቀረበ። በአሜሪካም በቴክሳስ በሚገኘው የመንግሥት የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተጠንቶ፥ 29 ዓይነት ተሐዋስያን ያሉበት ፕሪኤምፕት የተባለ እርሾ በ1998 ፈቃድ አገኘ፤ ይኸኛው ገና ከመፈልፈያው ሲወጡ በጫጩቶቹ ላይ እንደ ጤዛ የሚረጭ ነበር፤ ጫጩቶቹም ላባቸውን በመንቍራቸው ሲያጸዱ ይውጡታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታሰብ አለበት። ፊንላንድ ሳልሞኔላን ያሸነፈችው በእርሾ ብቻ አይደለም። የተበከሉ የርቢ መንጋዎች እንዲወገዱ፥ መኖ እንዲመረመር፥ ቤቶች እንዲጸዱ በብርቱ ሕግ ታዝዟል፤ እርሾው የገባው በዚህ ሁሉ መካከል ነው። ፊንላንድና ጎረቤቷ ስዊድን በዶሮዎቻቸው ላይ ሳልሞኔላ እጅግ ጥቂት ከሚገኝባቸው የአውሮፓ አገሮች መካከል የሚቈጠሩትም ስለዚህ ነው። እርሾውን ብቻ ገዝቶ ሌላውን ሥራ የተወ ሰው፥ የፊንላንድን ውጤት አገኛለሁ ብሎ ቢጠብቅ ያዝናል።

ደግ ተሐዋስያን ጤንነትን ይጠብቃሉ የሚለው አሳብ ከዚህም ይቀድማል። በፓሪስ በፓስተር ቤተ ምርምር ይሠራ የነበረው ሩሲያዊው ሊቅ ኤሊ ሜችኒኮፍ፥ በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው፥ እርጎ የሚጠጡ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜያቸው የሚረዝመው በእርጎው ውስጥ ባሉት ተሐዋስያን ምክንያት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ስለ ዕድሜ መርዘም የተናገረው ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ሆኖም የአንጀትን ጕዳይ ሊቃውንት እንዲመረምሩት መንገድ ከፈተ። ዛሬ እንደነዚህ ያሉት ደግ ተሐዋስያን ፕሮባዮቲክ በሚባል ስም ይጠራሉ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት በ2001 በአርጀንቲና ባደረጉት የሊቃውንት ጉባኤ፥ ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲሰጡ ለተቀባዩ ጤንነት የሚረዱ ሕያዋን ተሐዋስያን ናቸው ተብሎ ተወስኗል። በዚህ ቃል ውስጥ ሕያዋን የሚለውና በበቂ መጠን የሚለው ሁለቱም ሊዘነጉ አይገባም፤ የሞተ እርሾ ሊጥ እንደማያቦካ ሁሉ የሞተ ፕሮባዮቲክም ለስሙ ብቻ የተገዛ ዱቄት ነው።

እርሾው የሚሠራበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። አንደኛ፥ ደጎቹ ተሐዋስያን የአንጀቱን ግድግዳ ቀድመው ስለሚይዙ ክፉው የሚጣበቅበት ስፍራ ያጣል። ሁለተኛ፥ ምግቡን ይሻሙታል። ሦስተኛ፥ ምግብ በሚፈላበት፥ ጫፋቸው በተደፈነ በሁለቱ የዶሮ አንጀቶች ውስጥ አሲድ ያወጣሉ፤ ሳልሞኔላም ይህን አሲድ አይወድም። ከዚህም ሌላ የጫጩቱ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ቀስ በቀስ ያሠለጥኑታል።

ያለ እናት የማደግ ጕዳት ከዶሮ ይልቅ በግልጥ የሚታየው በበቀቀን ላይ ነው። የዶሮ ጫጩት በተፈለፈለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ላባ ለብሶ፥ ዓይኑን ከፍቶ፥ በእግሩ ቆሞ ይለቅማል። የበቀቀን ጫጩት ግን ዕራቁቱን ሊባል በሚችል ሁኔታ፥ ዓይኑ እንደ ተጨፈነ ይወጣል፤ እናትና አባቱ በአንገታቸው ሥር ባለው ከረጢት ውስጥ ያለዘቡትን እህል እያወጡ በአፉ ካልጨመሩለት አንድ ቀን አያድርም። ያ እህል ምግብ ብቻ አይደለም፤ ከወላጆቹ ከረጢት የመጣ እርሾ ያለበት ነው። በውጭ አገር በቀቀን የሚያረቡ ሰዎች ወፊቱ ደግማ እንድትጥል ዕንቍላሏን ወስደው በመኪና ያስፈለፍላሉ፤ ጫጩቱንም በማንኪያ ወይም በስሪንጅ ገንፎ እያጐረሱ ያሳድጋሉ።

ይህን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች የሚጠነቀቁት ነገር ለዶሮ ርቢም ትምህርት ይሆናል። የገንፎው ሙቀት ከ39 እስከ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን በቴርሞሜትር ይለካል፤ ከዚያ በእጅጉ የሞቀ የጫጩቱን ከረጢት ያቃጥላል፥ የቀዘቀዘም በከረጢቱ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። የቆመ ምግብ ይኮመጥጣል፥ በውስጡም ካንዲዳ የሚባል የሻጋታ ዘመድ ይበቅላል፤ ጫጩቱም ከረጢቱ እንደ ተነፋ ይሞታል። ከአንድ ምግብ ሰዓት የተረፈ ገንፎ ለሌላው ሰዓት አይቀመጥም። አሳዳጊው ደንግጦ ያለ ምርመራ አንቲባዮቲክ ቢሰጥ ደግሞ ካንዲዳው ይብሳል፤ መድኃኒቱ ሻጋታውን ይገታ የነበረውን ደጉን ተሐዋስ ይገድላልና። ለበቀቀን ጫጩት ላክቶባሲለስ የተባሉት የእርጎ ዘመዶች ያሉበት ፕሮባዮቲክ በገንፎው የሚጨመረው ይህን ጕድለት ለመሙላት ነው። ሆኖም ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች ሁሉ የሚመሰክሩት፥ ሙቀቱና ንጽሕናው ያልተስተካከለለትን ጫጩት እርሾ ብቻውን እንደማያድነው ነው።

ስለ በቀቀን ሌላም የሚጠቅም ነገር አለ። በኒው ዚላንድ ካካፖ የሚባል፥ በሌሊት የሚንቀሳቀስና መብረር የማይችል ትልቅ በቀቀን ይገኛል። በ1995 በዓለም የቀሩት ካካፖዎች 51 ብቻ ነበሩ፤ መንግሥቱ በደሴቶች ላይ እየጠበቀ፥ ደካማ የሆኑትን ጫጩቶችም በእጅ እያስመገበ በ2022 ቍጥራቸውን ከ250 በላይ አደረሰው። በ2012 የታተመ ምርመራ እንደሚያመለክተው፥ በካካፖ አንጀት ውስጥ በሌሎች በቀቀኖች ዘንድ የሕመም ምልክት ተደርጎ የሚቈጠረው የኢ ኮላይ ወገን በብዛት ይገኛል። ስለዚህ ለአንዱ ወፍ ክፉ ነው የተባለው ለሌላው የተለመደ ጓደኛው ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ አገርም ሮይ ፉለር የተባለ መርማሪ በ1973፥ ከዶሮ የተወሰደው ላክቶባሲለስ በዶሮ ከረጢት ግድግዳ ላይ ሲጣበቅ፥ ከአጥቢ እንስሳት የተወሰደው ግን እንደማይጣበቅ አሳይቷል። ለሰው ወይም ለጥጃ የተሠራውን ፕሮባዮቲክ ለጫጩት መስጠት፥ ምናልባት ጕዳት ባያመጣም፥ ገንዘብ ማባከን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በነገራችን ላይ፥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ አገር በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙ ሁለት የበቀቀን ዓይነቶች አሉ፤ አንዱ ግንባሩ ቢጫ የሆነው፥ ሁለተኛውም ክንፉ ጥቍር የሆነው ትንሹ ነው። ጐጆአቸውን በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ስለሚሠሩ ሕፃናትና ነጋዴዎች ጫጩታቸውን ለማውጣት ይቀልላቸዋል። ከላይ እንደ ተነገረው ከወላጁ የተለየ የበቀቀን ጫጩት በሰው እጅ ለመዳን ብዙ ዕውቀት ስለሚያስፈልገው፥ እንዲህ የሚወሰደው ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ በዱር ያሉ በቀቀኖች የሚነግዱበትንም ዓለም አቀፍ ስምምነት ኢትዮጵያ ተቀብላለች። ደን ያለበት ወረዳ ሹም ይህን ነገር ቢከለክል ሥራው ነው።

ወደ ዶሮው ጕዳይ ስንመለስ፥ የፊንላንዱን ታሪክ የሰማ ሰው ወዲያው የሚያስበው አንድ አሳብ አለ፤ ይኸውም ከጓሮ ዶሮ ኩስ ወስዶ፥ በውሃ በጥብጦ፥ ለመጡት ጫጩቶች መስጠት ነው። ይህ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባውም። የጓሮ ዶሮ ጤነኛ መስላ የዶሮ ታይፎይድን፥ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣውን ኮክሲዲያን፥ ሌላም ብዙ ክፉ ነገር በሆዷ ይዛ ትዞራለች። ኑርሚና ባልደረባው ያደረጉት በተመረመሩ ዶሮዎችና በምርመራ ቤት ነው፤ ያንኑ በገጠር ያለ ምርመራ መድገም ዕርዳታ ሳይሆን በሽታን በገዛ እጅ መዝራት ነው። እንደዚሁም የጤፍ እርሾ ወይም የጠላ ጥንስስ ለጫጩት ይጠቅማል ብሎ የሚመክር ቢገኝ፥ ከላይ እርሾ የተጠቀሰው ነገሩን ለማስረዳት እንጂ መድኃኒት ነው ለማለት እንዳልሆነ ሊነገረው ይገባል።

ከዚህ ይልቅ በገጠር የሚቻለው ጫጩትን ለታቃፊ ዶሮ ማሳቀፍ ነው። የቼክ አገር መርማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ጫጩቶች ከትልቅ ዶሮ ጋራ 24 ሰዓት ብቻ አብረው ቢቈዩ ብዙ የአንጀት እርሾ እንደሚያገኙ ገልጠዋል፤ ይሁን እንጂ ላክቶባሲለስን የመሰሉት ወገኖች ከእናቲቱ እንደ ሌሎቹ በብዛት አይተላለፉም። ታቃፊዪቱ እርሾውን ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንም ትሰጣለች፤ ጭልፊትም ሲመጣ ትሰበስባቸዋለች። የሚሻለው በመሸ ጊዜ ዶሮዪቱ በጐጆዋ እንዳለች ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ከሥሯ ማስገባት ነው፤ በጨለማ ስለማትለይ ሲነጋ እንደ ልጆቿ ትቀበላቸዋለች። ነገር ግን ታቃፊዪቱ የፈንግል ክትባት የተከተበች፥ ቅማልና ቍንጫ የሌለባት፥ በቅርብ ጊዜም ሕመም ካልገባበት ቤት የተገኘች መሆን አለባት። አንዲት ዶሮ ክንፏ ከሚሸፍነው በላይ ስለማታቅፍ ይህ መንገድ ጥቂት ጫጩት ለሚወስድ ገበሬ እንጂ መቶና ሺህ ለሚያረባ ሰው አይሆንም።

መቶና ሺህ የሚያረባው ሰው የተዘጋጀ ፕሮባዮቲክ ቢገዛ መልካም ነው፤ ግን በሚገዛበት ጊዜ ዓይኑን ይክፈት። ስለ እነዚህ ዕቃዎች የተደረጉት ምርመራዎች ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ ሞትን ሲቀንስ ታይቷል፥ አንዳንዱም ምንም ለውጥ አላመጣም። በዕቃው ላይ የተሐዋስያኑ ስም፥ በአንድ ግራም ያሉት ሕያዋን ብዛት፥ የሚያበቃበት ቀንና የሚቀመጥበት ሙቀት ካልተጻፈበት መግዛት አይገባም። ላክቶባሲለስ ያለበት ሙቀትን አይችልም፤ በቆላ አገር በቆርቆሮ መጋዘን ሁለት ሳምንት የቈየው ሞቷል ማለት ነው። ባሲለስ የሚባለው ወገን ግን እንደ ዘር ራሱን በቅርፊት ስለሚሸፍን ሙቀትንና ጕዞን ይበልጥ ይችላል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ወረዳ ይህን መምረጥ ይሻላል። ክሎሪን የተጨመረበት የቧንቧ ውሃም ሕያዋኑን ስለሚገድል፥ የዶሮ ክትባት በውሃ ሲሰጥ እንደሚደረገው ሁሉ፥ ክሎሪን የሌለበት ንጹሕ ውሃ መፈለግ ያስፈልጋል።

የሚሰጥበት ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል። እርሾው ክፉው ተሐዋስ ከመግባቱ በፊት፥ የሚቻል ከሆነ ከመፈልፈያው ሲወጡ፥ ካልሆነም ጫጩቶቹ በደረሱበት በመጀመሪያው ውሃ መሰጠት አለበት። ጫጩት በሆዱ ባስቀረው የዕንቍላል አስኳል ሁለት ሦስት ቀን ሳይበላ ለመቈየት ስለሚችል ብዙ አጓጓዦች ጕዞውን ያረዝሙታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን አንጀቱ ለመጣው ሁሉ ክፍት ሆኖ ይሰነብታል። ሕመም ከገባ በኋላ የሚሰጥ እርሾ እሳት ከተነሣ በኋላ እንደሚቈፈር ጕድጓድ ነው። ከእናቲቱ በዕንቍላል ውስጥ አልፎ የመጣ ሕመምን ደግሞ እርሾ አይመልሰውም፤ ለዚያ ያለው ብልሃት ጫጩትን ወላጆቻቸው ከተመረመሩበት ጣቢያ መግዛት ብቻ ነው።

በብዙ ወረዳ የሚታየው ሌላው ስሕተት ገና ጫጩቶቹ ሳይታመሙ አንቲባዮቲክ በውሃቸው መበጥበጥ ነው። ይህ ልማድ ከዚህ ቀደም በአውሮፓም ነበረ፤ እንስሳት ቶሎ እንዲያድጉ በመኖ ውስጥ አንቲባዮቲክ ይጨመር ነበር። ስዊድን በ1986፥ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ ደግሞ ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ለዕድገት ሲባል የሚሰጠውን ከለከሉ፤ ምክንያቱም መድኃኒቱን የለመዱ ተሐዋስያን ወደ ሰው እየተላለፉ ሐኪም ለታመመ ሰው የሚሰጠውን መድኃኒት ከንቱ እንዳያደርጉ ስለ ተፈራ ነው። በጫጩቱም በኩል መድኃኒቱ ደጉን እርሾ ከክፉው ጋራ አብሮ ይጠርገዋል፤ ባዶ የቀረውን አንጀት ቀድሞ የሚይዘውም ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን የለመደው ነው። ፕሮባዮቲክና አንቲባዮቲክ በአንድ ቀን፥ በአንድ ውሃ የሚሰጥ ሰው ሁለቱንም ገንዘብ ጥሏል። የእንስሳት ሐኪም መርምሮ ያዘዘ እንደ ሆነ ግን መድኃኒቱ በታዘዘው ልክ ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ እርሾው ይቀጥላል።

እርሾ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰብ ነገር እንዳልሆነም ሹማምንት ልብ ሊሉት ይገባል። በደጋ አገር ከሚሞቱት ጫጩቶች ብዙዎቹን የሚገድላቸው ብርድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹ ያሉበት ስፍራ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ጫጩቶቹን ራሳቸውን ይመልከት፤ ከሙቀቱ አጠገብ ተደራርበው ቢጮኹ በርዷቸዋል፥ ከሙቀቱ ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው ቢያለከልኩ ሞቋቸዋል፥ ተበታትነው ቢለቅሙ ተስማምቷቸዋል። መብራት በሌለበት ስፍራ በዙሪያው ጭድ የተጠቀጠቀበት ሣጥን የጫጩቶቹን የገዛ ሙቀት ይዞ ስለሚያቈይ በአገራችን ተሞክሮ ጠቅሟል። መኝታቸው ደረቅ ይሁን፤ ውሃቸው በየቀኑ ይለወጥ፥ ኩስ እንዳይገባበትም ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ። የፈንግል ክትባት በቀኑ ይሰጥ፤ ፈንግልን የሚያስቀር ፕሮባዮቲክ በዓለም የለምና፥ እርሾ ሰጥቻለሁ ብሎ ክትባቱን የሚተው ሰው መንጋውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ሊያጣ ይችላል። ጫጩት የነካ እጅም፥ በተለይ የሕፃናት እጅ፥ በሳሙና መታጠብ አለበት።

ጫጩት የሚረከብ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እስከ 14ኛው ቀን የሞቱትን ቍጥር በየዕለቱ ቢጽፍ፥ ክርክር ሲነሣ ለሹሙ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀኖች በብዛት ከሞቱ በጕዞው፥ በብርዱ ወይም በመፈልፈያው ጣቢያ ላይ ምርመራ ይደረጋል። በአንደኛው ሳምንት ውስጥ ሆዳቸው አብጦ እምብርታቸው እርጥብ ሆኖ ከሞቱ የመፈልፈያው ንጽሕና ይጠየቃል። ነጭ ተቅማጥ ከኋላቸው ተለጥፎ ከታየ ሳልሞኔላ ስለሚያጠራጥር ሁለት ሦስት የሞቱ ጫጩቶች በአንድ ቀን ውስጥ፥ በበረዶ ወይም በቀዝቃዛ ዕቃ ታሽገው፥ ወደሚቀርበው የእንስሳት ጤና ምርመራ ቤት ይላኩ። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣ ደግሞ ነገሩ የኮክሲዲያ ስለሚሆን የመኝታው እርጥበት ይታያል። ጫጩቶቹ የመጡበት ጣቢያ፥ የተፈለፈሉበት ቀን፥ በመንገድ የቈዩበት ሰዓት፥ የተሰጣቸው ክትባትና እርሾ፥ እርሾውም የተሰጠበት ሰዓት በዚያው ወረቀት ላይ ተጽፎ በወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።